ሾተል፣ ጎራዴ፣ ሰይፍ፤ ስለ መሣሪያ ስሞች አፈታት

ጎራዴን «የሰይፍ ዐይነት»፣ ሾተልን «የጎራዴ ዐይነት» ብሎ መፍታት ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ፍቺ ግን ዕቃውን ለሚያውቀው ትርፍ፣ ለማያውቀው ባዶ ነው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ሲታተም አንባቢው ጎራዴ ታጥቆ የሚሄድ ሰው በዐይኑ ያየ ነበር፤ ስለዚህ ቅርጹን መዘርዘር ትርፍ ድካም ቢመስል አያስወቅስም። የዛሬው አንባቢ ግን ዕቃውን የሚያውቀው ከሙዚየም መስተዋት በስተጀርባ ነው፤ መዝገበ ቃላቱም ካልነገረው የሚነግረው የለም።

የተርጓሚውን ችግር ለማየት መጽሐፍ ቅዱስን መመልከት ይበቃል። የሐዲስ ኪዳን ግሪክኛ «ማካይራ» እና «ሮምፋያ» ብሎ የለያቸውን ሁለት መሣሪያዎች አማርኛው ሁለቱንም ሰይፍ ይላቸዋል። በዕብራውያን መልእክት የምናገኘው «ሁለት አፍ» የተባለው አነጋገርም ከግሪኩ ቃል በቃል የመጣ ነው፤ ለምዶ ያማረ ቢሆንም ለመሣሪያ መግለጫ «በሁለት ወገን የተሳለ» የሚለው ይበልጥ ግልጽ ነው። ሰይፍ የሚለው ቃል እንግዲህ በቅዱሳት መጻሕፍትና በቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ምክንያት የወል ስም ሆኖ ቀርቷል። በዚሁ ቢጸና አንቃወምም። የምንቃወመው ሾተልና ጎራዴም ተከትለውት የወል ስም እንዲሆኑ ነው።

ሾተል እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ በሁለቱም ወገን የተሳለ፣ እጀታው ተራ ዕንጨት የሆነ መሣሪያ ነው። ቁልምሙ ለጌጥ አይደለም፤ ባላጋራ የመከተበትን ጋሻ ዞሮ ከኋላው ለመውጋት የተበጀ ነው። አገር ጐብኚዎች ደጋግመው እንደ መሰከሩት የሚታጠቁትም በቀኝ ጎን ነበር። ጎራዴ ከዚህ ልዩ ነው፤ ቀጥ ያለ ወይም በመጠኑ ጎበጥ ያለ፣ ከፈረሰኛ ሻምላ ጋራ የሚዛመድ መሣሪያ ነው። ስሙን «ጎረድ ጎረድ» ከምንልበት ከ«ጎረደ» ጋራ ማዛመድ ያስኬዳል ባዮች ነን፤ ይህ ግን ግምት ስለ ሆነ በፍቺው ውስጥ እንደ እርግጥ ሊገባ አይገባም።

የባሕር ማዶ ሰብሳቢዎችና የጨረታ መዘርዝሮች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ አያውቁም፤ ከኢትዮጵያ የወጣ ረዥም ስለታም ብረት ሁሉ «ሾተል» ይባላል። ቃሉ አልፎ ተርፎ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የጃፓን የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ገብቷል። የሚያስቅ ቢመስልም ጨዋታ ሠሪዎቹ ጋሻ ማለፉን አልዘነጉትም፤ ከአንዳንድ የሙዚየም መለያ ጽሑፍ የተሻለ ፍቺ ሰጥተዋል። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ብዙ የጎራዴ ብረት ከጀርመን አገር ከዞሊንገን ከተማ ተሠርቶ ይመጣ ነበር፤ አንበሳና የግእዝ ጽሕፈትም እዚያው ይቀረጽበት ነበር። ጽሕፈቱ ግእዝ ስለ ሆነ ብረቱን የአገር ቤት ቀጥቃጭ ሠራው ማለት አይቻልም። የአውራሪስ ቀንድ እጀታውና የቆዳ ሰገባው ግን የአገር ቤት እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። አንድ ዕቃ ሁለት የትውልድ አገር አለው ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ኢንዶኔዥያውያን ቀድመውናል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ዕውቅና የሰጠው ከሪስ የሚለየው በአንድ ስም ብቻ አይደለም፤ የብረቱ ቅርጽ «ዳፑር»፣ በብረቱ ላይ የሚታየው ንድፍ «ፓሞር»፣ ዘመኑንና የተሠራበትን አገር መገመት «ታንጉህ» ይባላል። ሰገባና እጀታ በየጊዜው ስለሚለወጡ ከብረቱ ተለይተው ይመዘገባሉ። ጎሎክን፣ ክሌዋንግን፣ የዳያኮችን ማንዳው ሁሉ «ክሪስ» የሚል አውሮፓዊ እዚያም አልጠፋም፤ ነገር ግን የሚያርመው የቃል ሀብት አለ።

እኛስ ምን አለን? ለመነሻ የሚበቃ አለን። እጀታ፣ ሰገባ፣ አፎት፣ ስለት፣ ደንደስ የታወቁ ናቸው። ችግሩ «ስለት» ላይ ነው፤ የተሳለውን ጠርዝም መላውን ብረትም እየተባለበት ተርጓሚውን ያሳስታል። በበኩላችን «ስለት» ለተሳለው ጠርዝ፣ «ደንደስ» ላልተሳለው ጀርባ፣ «ብረት» ለመላው አካል ቢጸና እንመርጣለን፤ ሾተል በሁለት ወገን ስለ ተሳለ ደንደስ የለውም ለማለት የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው። ሰገባና አፎት አንድ ናቸው ወይስ ልዩነት አላቸው የሚለውን ግን ከአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ መወሰን አይገባም። ከዱርቤቴ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው የጎጃም ገጠር ቢላዋና ማጭድ የሚሠራውን ቀጥቃጭና ሰገባ የሚሰፋውን የቆዳ ሠራተኛ፣ ዕቃውን በእጅ ይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስም ለብቻው ሲጠየቅ ሽማግሌው በትሕትና «ያው ጎራዴ ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ዕቃው ሲቀርብለት ግን እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ይጠራል። ዕቃ ገዢው ከቃል ሰብሳቢው ቀድሞ ከደረሰ ብረቱ ይሸጣል፣ የክፍሎቹም ስም የሚጠራበት ምክንያት ይጠፋል።

እስከዚያው ድረስ ለቀጣዩ እትም ይህን እናቀርባለን፦ «ሾተል (ስ.)፤ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ በሁለቱም ወገን የተሳለ፣ ባላጋራን ጋሻውን ዞሮ ለመውጋት የሚያገለግል፣ በቀኝ ጎን ይታጠቁት የነበረ የጦር መሣሪያ። ከጎራዴ በቅርጹና በአገልግሎቱ ይለያል።»