አዋጅ 1183 ከሐይቅ ሲነበብ

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ብዙዎች የጠበቆች ሰነድ አድርገው ያዩታል። እኔ ያነበብኩት በአማራ ክልል ሐይቅ ከተማ በመኖሪያ ቤቷ የጎረቤት ልጆችን የምታውል እናት እያሰብኩ ነው። ፈቃድ አውጥታ የከፈተችውን ማቆያ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋ» ቢላት ማን ይሰማታል?

በዚህ ዓይን ሲታይ አዋጁ ትልቅ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ባለጉዳዩን መስማት፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ቅሬታዋን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አሰምታ ያልረካች ባለጉዳይ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክለሳ አቤቱታ ታቀርባለች። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ምክንያት የመስጠት ግዴታው ነው። «መስፈርት አላሟላሽም» የሚል ደብዳቤ ብቻ የያዘች ሴት ክርክሯን ከየት ትጀምራለች? አጥሩ ነው? ሽንት ቤቱ ነው? የልጆቹ ቁጥር ነው? ጉድለቱ ካልተነገራት ማስተካከልም መሟገትም አትችልም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ የማቆያ ፈቃድ ሕጉ በዚህ ረገድ ይበልጥ ዝርዝር ነው። የእርምት ትእዛዝ ጉድለቱን፣ የተጣሰውን ድንጋጌና የማስተካከያውን ጊዜ ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ያልተስማማች ባለፈቃድ በ20 ቀን ውስጥ ዳግም እንዲታይላት በጽሑፍ ትጠይቃለች። ጥያቄው ትእዛዙን አያግደውም። የሕፃናት ደኅንነት ጉዳይ ነውና ይህን እደግፋለሁ።

የአዋጁ ዋና ጉድለት ወሰኑ ነው። የሚገዛው የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትንና ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆኑ የከተማ አስተዳደሮችን ነው። ቦሌ ያለችው ባለማቆያ የምትጠቅሰውን አንቀጽ የሐይቋ ወይም የአምባሰሏ ውጫሌ ነዋሪ ልትጠቅሰው አትችልም። ክልሎች ለራሳቸው መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳላቸው አውቃለሁ፤ በሯን የሚዘጋባት ትእዛዝ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው። እርግጥ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት አለ። እንባ ጠባቂም አለ፤ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ትእዛዙን ራሱ አይሽርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ ሆኖም አቤቱታው በምን ሥርዓት እንደሚመራ በዝርዝር አይነግራትም።

ጉዳቱ በእሷ ብቻ አይቀርም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የሐይቅ ገበያ ነጋዴ እናት የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም፤ ልጇን የምትተወው ጎረቤት ቤት ነው። ያ ቤት ለሁለት ሳምንት ከተዘጋ ልጆቹ ወደ አያት ወይም ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ፤ ትእዛዙ በኋላ ቢሻርም ይመለሳሉ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የአማራ ክልል ምክር ቤት እንዲያወጣው በምመኘው ተመሳሳይ ሕግ ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው አጭር የውሳኔ ጊዜ ነው፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ የመዝጊያ ደብዳቤ ቅሬታው ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ እዚያው ወረቀት ላይ እንዲጽፍ የሚያስገድድ አንቀጽ።