ቀበሮውን ያየው ማነው?
(ስለ ሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት ጥቂት ሂስ)

በእነዚህ ገጾች ስለ ልብ ወለድ ተከራክረናል፤ ስለ ግጥም ቤት አመታትም ተኳርፈናል። ስለ ሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ግን ትንፍሽ ያልን አይመስለንም። «እሱ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ነው እንዴ?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን «አዎን፣ ነው!» የሚል ነው። ለዕረፍት ቤት ስንገባ ጭናችን ላይ ወጥታ «አንብብልኝ» ከምትለው የእህት ልጅ የበለጠ ጨካኝ ሃያሲ ገጥሞን አያውቅም። ካልጣማት መጽሐፉን ትዘጋዋለች፤ አለቀ።

ለመነሻ ያህል እንግሊዛዊቷ ፓት ሃቺንስ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «የሮዚ ሽርሽር» እንውሰድ። ጠቅላላ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ 32 ቃላት ነው፤ እሱም አንድ ዓረፍተ ነገር። አንዲት ዶሮ ዞር ዞር ብላ ለራት ቤቷ ትመለሳለች፤ ቃሉ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ነው። ሥዕሉ ግን ሌላ ጉድ ያሳያል። ቀበሮ ከኋላዋ እግር በእግር ይከተላታል፤ ሊይዛት በቃጣ ቁጥር ጣጣ ይገጥመዋል። ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፣ ዱቄት ይወርድበታል፣ በመጨረሻም ንብ ያባርረዋል። ስለ ቀበሮው በጽሑፉ አንዲት ቃል የለም! እኛ ፊደል የቆጠርነው ቃል ስናሳድድ፣ ፊደል ያልለየችው ልጅ «ቀበሮ! ቀበሮ መጣ!» ብላ ትጮኻለች። ታዲያ አንባቢው ማነው? እኛ ወይስ እሷ?

ይህን መጽሐፍ እየተረጎምን ስናነብ አንድ ነገር ተማርን። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ «ሄደች፣ ሄደች» እያልን ስንዘጋው ነገሩ ሞተብን። ቀጥሎ «አቋርጣ... ዞራ... አልፋ... ሾልካ...» እያልን ግሱን አንጠልጥለን ገጹን መግለጥ ጀመርን። ልጅቷም ትንፋሿን ያዘች። «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ገጹን ራሷ ገለጠችው። ማሠሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ቋንቋችን ገጽ ለመግለጥ የተፈጠረ ይመስላል። ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ አማርኛ አይመችም የሚለን ካለ ጮክ ብሎ አንብቦ ይሞክረው።

የኤሪክ ካርል «በጣም የተራበው አባጨጓሬ» (1969 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። አባጨጓሬው ከሰኞ እስከ ዓርብ ፍራፍሬ ይበላል፤ በበላበት ሁሉ ወረቀቱ የእውነት ተበስቷል። የልጅ ጣት ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ መቁጠርም የሳምንቱን ቀናት ማወቅም አብሮ ይገባል። ቅዳሜ ግን ኬክ፣ አይብና ቋሊማ ሳይቀር ሲሰለቅጥ ውሎ ሆዱን ያመዋል። ከእኛ የአንዳችን ታናሽ ወንድም ይህን ሰምቶ «ረቡዕና ዓርብ ጾሞ ቅዳሜ ገደፈ» ብሎ ፈረደ። ካርል ይህን አላሰበም። ጥሩ መጽሐፍ ግን ያልታሰበ አንባቢን የሚያስገባ በር አለው።

በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የሞሪስ ሴንዳክ «አውሬዎቹ ያሉበት አገር» ሲታተም ልጆችን ያስፈራል ያሉ ነበሩ። እናቱ ያለ ራት ወደ መኝታ የሰደደችው ማክስ በምናቡ አውሬዎች አገር ገብቶ ይነግሣል። ሥዕሎቹ ትንሽ ሆነው ይጀምሩና ቁጣው እየገፋ ሲሄድ እነሱም እየሰፉ ነጩን ዳር ይውጡታል። ጭፈራው ሲደራ ቃል ጭራሽ ይጠፋል፤ ለጮክ ብሎ አንባቢ ይህ ፈተና ነው። እኛ ዝም አልን፤ ልጆቹ ግን ጮኹ፣ ዘለሉ። መጨረሻው ገጽ ደግሞ ሥዕል የለውም፤ ጥቂት ቃላት ብቻ። እናቱ ራቱን አስቀምጣለታለች፤ አልቀዘቀዘም። «ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን አክብሩ» የሚል ግን የለም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንመለስ። ለሕፃናት ተብለው ከሚታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ አንድ በሽታ አላቸው። ጽሑፉ «አንበሳው ተኝቷል» ይላል፤ ሥዕሉም የተኛ አንበሳ ነው። መጨረሻው ላይ ምክር ይለጠፋል። ልጅቷም ምክሩ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን ትዘጋለች። «ተረታችንም እኮ ምክር አለው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን አያት ሲተርቱ ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ድምፃቸው ሥዕል ነበር። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል ሲተርኩ ልጆችን ያስቀመጠው ምክሩ ብቻ አልነበረም፤ ፊታቸው ነበር። ተረቱ ወረቀት ላይ ሲወርድ ፊቱ ቀረ። ያንን ፊት መተካት ያለበት ሥዕሉ ነው።

የሚቻል መሆኑንም አይተናል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የቂሉ ማሞ ታሪክ የእናቱን ምክር ባልሆነ ቦታ እየተገበረ ጉድ የሚሠራ ልጅ ያሳየናል። ልጆች ማሞን ቀድመው «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ይሉታል። ከማሞ በልጠው መገኘታቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ ምክር መለጠፍ አያስፈልግም።

የቀለም ኅትመት ውድ መሆኑን አንክድም። ምክሩን መቀነስ ግን ሳንቲም አይፈጅም። ስለዚህ ደራሲዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቃሉ ዝም ሲል ሥዕሉ ይናገር፤ ቀበሮውንም ለልጆቹ ተዉላቸው። የእኛስ ድርሻ? ለዕረፍት ስንሄድ ከቦርሳችን አንድ የሥዕል መጽሐፍ አይጥፋ። ጮክ ብለን እናንብብ። ቀበሮውን ማን ቀድሞ እንዳየው ስንመለስ እንጨዋወታለን።