ጎንደር እና ጎንዶር፦ በስም መመሳሰል ላይ ስለተገነባ የአንባቢያን መላምት

የፋንታሲ ልቦለድ ወዳጆች መጽሐፉን አንብበው ሲጨርሱ አይሰናበቱትም። አንዱ ለሌላው ይጠቁማል፤ ይከራከራሉ፤ ያልተጻፈውን ይገምታሉ፤ የስሞቹን ምንጭ ይፈልጋሉ። ከእነዚህ ፍለጋዎች መካከል የአፍሪካ ቀንድን ቋንቋዎች የሚያጠና ሰው ቸል ሊለው የማይገባ አንድ አለ። ይኸውም ጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በተሰኘው ሥራው የፈጠራት የጎንዶር መንግሥት ስሟን ያገኘችው ከጎንደር ነው የሚለው መላምት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መላምቱ እንደ ጥቆማም ያገለግላል፤ የአገር ከተማ ስም አለበት የተባለን ወፍራም መጽሐፍ ለመጀመር ሰበብ አይጠፋም። በዚህ ክፋት የለም። ችግሩ የሚመጣው ጥቆማው ሥርወ ቃል ሆኖ ሲቀርብ ነው።

አንባቢያኑ በአንድ ስም «መላምት» ብለው የሚጠሩት ነገር በእርግጥ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ፊት የሚመለከት ነው። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ተከታታይ ልቦለድ የመጀመሪያ ክፍል በ1996 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከወጣ በኋላ አንባቢያን በየገጹ የተበተኑ ፍንጮችን ለቅመው የጆን ስኖውን እውነተኛ ወላጆች ገመቱ፤ ከመጽሐፉ የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማ በ2016 ግምታቸውን አጸደቀው። ይህ ጥሩ ንባብ ነው፤ ታሪኩ ገና እየቀጠለ ስለሆነ ፈራጅም አለው። ሁለተኛው ዓይነት ወደ ኋላ የሚመለከት፣ ደራሲው ይህን ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ነው። ለእርሱ የሚፈርድለት ቀጣይ ቅጽ የለም። ዳኞቹ ደብዳቤ፣ ረቂቅ እና የድምፅ ሥርዓት ናቸው። የጎንደር መላምት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል።

ደብዳቤው አለ። በ1971 አንድ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ለቶልኪን በጽሑፍ አቅርቦለት፣ የሰጠው መልስ በ1981 በታተመው የደብዳቤዎቹ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ቶልኪን ጎንደር የሚባል ስም ከዚያ በፊት መስማቱን እንደማያስታውስ ይናገራል። ጎንዶር ሲንዳሪን ለተባለው የፈጠራ ቋንቋው ድምፅ የሚስማማና «የድንጋይ ምድር» ማለት እንደሆነም ያስረዳል። ነገር ግን በዚህ አያበቃም። የሰው አእምሮ ቀድሞ የሰማቸውን ስሞች እንደ ረገፈ ቅጠል ከታች አከማችቶ እንደሚይዝና አልፎ አልፎም ወደ ላይ እንደሚያወጣቸው ይቀበላል፤ በጣልያን ወረራ ምክንያት ጎንደር ከእነዚህ አንዱ ሊሆን እንደሚችልም አይክድም። ሆኖም ድርሻው ጎንድዋና ከተባለው የሥነ ምድር ስም ድርሻ እንደማይበልጥ ይጨምራል። መላምቱን የሚደግፉ አንባቢያን ከዚህ ሁሉ «ሊሆን ይችላል» የምትለውን ብቻ ነጥለው ይዘዋል። ከዚያው መልስ ውስጥ «ድንጋይ» ለሚለው ቃል የመረጠው ሥር መነሻው በስምንት ዓመቱ ገደማ በአንድ የልጆች መጽሐፍ ያነበበው «ኦንድ» የሚል ቃል መሆኑን የሚገልጸው ክፍል እምብዛም አይነሣም። መጽሐፉ ቃሉን ያቀረበው ከኬልቶች በፊት በብሪታንያ ከነበሩ ሰዎች ቋንቋ ምናልባት የተረፈ ነው በማለት ነበር።

ረቂቆቹ ደግሞ ከደብዳቤው ይልቅ የጠነከረ ማስረጃ ይሰጣሉ። «ጎንድ» በድንጋይ ፍቺው ጎንዶሊን በተባለችው የተሰወረች ከተማ ስም ውስጥ ይገኛል፤ የጎንዶሊን አወዳደቅ ታሪክ ደግሞ የተጻፈው በ1916 እና 1917 ነው። ይህም ጣልያን ኢትዮጵያን ከመውረሩ አሥራ ስምንት ዓመት ያህል በፊት መሆኑ ነው። ክሪስቶፈር ቶልኪን ያሳተማቸው የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ረቂቆች እንደሚያሳዩት መንግሥቲቱ መጀመሪያ የተጠራችው «ኦንድ» ተብላ ነው። ስሙ ከጎንደር በቀጥታ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ «ገ» እና የመጨረሻው «ር» በኋላ የተጨመሩበትን ምክንያት ማስረዳት ይከብዳል። የስሙ ሁለተኛ ክፍልም ብቻውን የቆመ አይደለም። «ዶር» በዚያ ቋንቋ ምድር ማለት ነው፤ ሞርዶር ጥቁር ምድር ነው። እንግዲህ ጎንዶር የሁለት የቃል ቤተሰቦች መገናኛ ነው፤ በአንድ በኩል ከጎንዶሊን ጋር፣ በሌላ በኩል ከሞርዶር ጋር ይዛመዳል። ከጎንደር መጣ የሚል ሰው እነዚህን ዘመዶቹን ሁሉ አብሮ ከጎንደር ማምጣት ይኖርበታል። በእርግጥ «ኦንድ» ጎንዶር የሆነው መጽሐፉ እየተጻፈ ባለበት፣ የምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት ወሬም ከአእምሮ ባልራቀበት ዘመን ነው። ለረገፈው ቅጠል የቀረችው ቀዳዳ ይህች ናት፤ ጠባብ ናት እንጂ ዝግ አይደለችም።

ይህን ማስረጃ ያደራጁት በአብዛኛው ራሳቸው አንባቢያን መሆናቸው ሊጠቀስ ይገባል። የቶልኪንን የቋንቋ ማስታወሻዎች ያሳተሙት «ፓርማ ኤልዳላምቤሮን» እና «ቪንያር ቴንግዋር» የአፍቃሪያን መጽሔቶች ናቸው። በ1917 ገደማ የተዘጋጀው የቃላት መዝገብ በ1995 የወጣው በመጀመሪያው ነው። እነዚህ አንባቢያን በደራሲው እጅ ተጽፎ የተገኘውን ቃል እነርሱ በግምት ካዋቀሩት በኮከብ ምልክት ይለያሉ፤ የጥንት ሴማዊ ቋንቋ ተመራማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጉድለቱን «የአማተሮች ነገር» ብሎ መዝጋት አይቻልም። በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለት የንባብ ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሚስፋፋው ግን ደካማው ነው።

ለአካባቢው ቋንቋዎች አጥኚ ዋናው ስሕተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። መላምቱ የሚያነጻጽረው ሁለት ስሞችን ሳይሆን ሁለት የላቲን አጻጻፎችን ነው። በፊደል ሲጻፉ ጎንደር እና ጎንዶር ወዲያው ይለያያሉ፤ አንዱ በግእዙ «ደ»፣ ሌላው በሳብዑ «ዶ» ይሄዳል። በላቲኑ አጻጻፍ ለ«ደ» የቆመው «ኣ» የአውሮፓውያን ጸሐፊዎች ምርጫ እንጂ የተናጋሪው ድምፅ አይደለም። በቀድሞው አጻጻፍ ደግሞ የከተማዪቱ ስም ጐንደር ነው፤ ከንፈር ከብቦ በሚነገረው «ጐ» ይጀምራል። በዚህ አጻጻፍ ከሄድን መላምቱ እጅግ የተመካበት «ኦ» ከተነባቢው መክበብ የመጣ ይሆናል። ጐንደርን ከጎንዶር አጠገብ ሲያስቀምጧቸው የሚቀረው ተመሳሳይነት የተነባቢዎቹ ቅደም ተከተል ነው። በአራት ተነባቢ የሚመጣ መመሳሰል ደግሞ ሥርወ ቃል አያቆምም። በአውስትራሊያው የምባባራም ቋንቋ «ዶግ» ውሻ ማለት ሲሆን ከእንግሊዝኛው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ይህን ምሳሌ ለሥነ ልሳን ተማሪ መድገም አያስፈልግም።

በዚህ መንገድ መሄድ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሽሬ ከሆቢቶቹ አገር ጋር በላቲን ፊደል አንድ ትሆናለች፤ ነገር ግን እንግሊዝኛው «ሻየር» ተብሎ የሚነበብ፣ አውራጃ ማለት የሆነ ተራ የአገሩ ቃል ነው። ሐረር ከሃራድ ጋር ትጣመራለች። ሃራድ በሲንዳሪን ደቡብ ማለት ሲሆን፣ ሐረሪዎች ግን ከተማቸውን የሚጠሩት ጌይ ብለው ነው። ሮሓ ከሮሃን ጋር ትገጠማለች። ስለ ሮሃን ቶልኪን ራሱ በ1967 በረቀቀ ደብዳቤ የሰጠው ማብራሪያ አለ፤ ስሙ የአንድ ታዋቂ የብሪታኒ ቤተሰብ ስም እንደሆነ ያውቅ እንደነበር፣ ቅርጹንም እንደወደደው፣ ነገር ግን ፈረስ የሚለውን ሥር አስቀድሞ ፈጥሮ ስለነበር ከቋንቋው ጋር እንዳስማማው ይገልጻል። የሚያውቀውን ስም ሲጠቀም አውቄያለሁ የሚል ደራሲ፣ ጎንደርን መስማቴን አላስታውስም ሲል ቃሉን ላለመቀበል ምክንያት ያስፈልጋል።

ስምን በፊደል መመራመር ለጎንደር ባዕድ አይደለም። በትውፊት መናገሻው በ«ጎ» በሚጀምር ቦታ እንደሚሆን ትንቢት ነበረ ይባላል፤ ጎርጎራም ከፋሲለደስ ከተማ በፊት በዚሁ ይጠቀሳል። በጎንደር የደረጀው አንድምታም «አንድም» እያለ ፍቺን በፍቺ ላይ ይደርባል። የአንባቢያኑ መላምቶች ይህን ሊመስሉ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን በአንድምታ እያንዳንዱ «አንድም» የሚያደርሰው ምክንያት አለው፤ ላይ ቤት የተናገረውን ታች ቤት ይሞግተዋል። በአንባቢያኑ ዘንድ የሚጨመር እንጂ የሚጣል «አንድም» አይታይም።

መላምቱ የማይሞተው ስለሚያስደስት ነው። የፋሲል ግቢ ግንቦች የድንጋይ ናቸው፣ ጎንዶርም የድንጋይ ምድር ናት ይባላል፤ ፍቺው ግን ያለው በሲንዳሪን በኩል ብቻ ነው። ድንጋይ በአማርኛ ድንጋይ፣ በግእዝ እብን ነው፤ ጎንደር ከሁለቱም አይወጣም። የጉዞ ጸሐፊዎች ከተማዪቱን «የአፍሪካ ካሜሎት» ሲሏት እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ እዚህም የኢትዮጵያ ከተማ የምትከበረው የእንግሊዝኛ ተረት መስታወት ስትሆን ነው።

ቶልኪንን ከኢትዮጵያ ስም ጋር በእርግጥ የሚያገናኘው ሰነድ ሌላ ነው፤ ይህንም ከመላምቱ ወዳጆች የሚያነሣው ጥቂት ነው። በ1932 እና በ1934 «ሚዲየም ኢቭም» በተባለው መጽሔት በሁለት ክፍል ባወጣው «የሲጌልዋራ ምድር» በተሰኘ ጥናቱ፣ የጥንት እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች የላቲኑን «ኢትዮጵያውያን» የመለሱበትን ቃል ይመረምራል። የቃሉን የመጀመሪያ ክፍል ከፀሐይና ከዕንቁ፣ ሁለተኛውን ከፍምና ከመቃጠል ጋር ያያይዛል፤ ቃሉ ለሰዎች ከመሰጠቱ በፊት ጥላሸት የመሰሉ የእሳት ፍጡራን ስም ሳይሆን አልቀረም ይላል። ቶም ሺፒ በ1982 ባሳተመው መጽሐፉ ባልሮግ የተባለው የእሳት ጋኔንና ሲልማሪል የተባሉት ዕንቁዎች ከዚህ ጥናት ጋር እንደሚነካኩ አሳይቷል። በልቦለዱም ሆቢቶች የፀሐይ ምድር በሚሉት ደቡብ የሚኖሩት የሃራድ ሰዎች የሚሰለፉት ከጠላት ወገን ነው። «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በዚህ ደራሲ የቃላት ጎተራ ውስጥ የገባበት በር ይህ ነው። ግንብ አይታይበትም፤ የሚታየው ጥላሸት ነው። በጎንዶር የሚደሰት አንባቢ ይህንን ጥናት ቢያነብ መጽሐፉን መጥላት የለበትም፤ ስለ የትኛው ኢትዮጵያ እንደሚያነብ ግን ያውቃል።

የጎንደር ስም ራሱ የሚጠናበት መንገድ ወደ ኦክስፎርድ አይወስድም። በከተማዪቱ ዙሪያ የቅማንት ቋንቋ ይነገር ነበር፤ ይህም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ዘለዓለም ልየው በ2003 ባሳተመው ጥናት ቋንቋው ቦታውን ለአማርኛ እየለቀቀ፣ ጥቂት አረጋውያን ብቻ እንደቀሩት አስፍሯል። የአካባቢውን የወንዝ፣ የኮረብታና የመንደር ስሞች ከእነዚህ አረጋውያን አፍ መሰብሰብ፣ «ጐ»ን ከ«ጎ» ለይቶ መጻፍ፣ ከዚያም ከሌሎቹ የአገው ቋንቋዎች ጋር ማነጻጸር ጊዜ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።