ከአውቶቡስ ውረዱ፤ ቡሬ ናት!

ብዙ መንገደኛ ቡሬን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ሻይ ፉት ተብሎ፣ ጎማ ታይቶ፣ ወደ እንጅባራ እብስ! ወገኖቼ፣ በዚህች ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ግፍ አይሠራም። እኔ ወርጄ አየኋት፤ ካየኋት ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ቡሬ ቡሬ እያልኩ አስቸግራለሁ።

እስኪ አቀማመጧን ተመልከቱልኝ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ደምበጫን፣ ጂጋንና ፍኖተ ሰላምን ያለፈው አስፋልት ቡሬ ሲደርስ ይገነጠላል። አንዱ በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ሌላው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነቀምቴ ይወጣል። አስፋልቱ ሳይታሰብ በፊትም፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዓባይ ማዶ የመጣ ሲራራ ነጋዴ ቡሬ ገበያ ላይ ያራግፍ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ወይና ደጋ ነው፤ አይበርድ፣ አያቃጥል። አፈሩ ቀይ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ!

በርበሬው ግን ሌላ ነው። የቡሬን በርበሬ ስሙን እንጂ አገሩን የማያውቅ ስንት ባለሙያ አለ! መኸሩ ሲገባ በየደጁ ተሰጥቶ መሬቱ ይቀላል፣ ሽታው ገና ከመንገዱ ያስነጥሳል። ገበያው ውስጥ አንዲት እናት ሲመርጡ ቆሜ አየሁ። አንዷን ዛላ አንስተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቋት፤ ፍሬዋ ካልተንኳኳ ገና አልደረቀችም ማለት ነው። ቀጥለው ሰበሯት፣ ሻጋታ እንዳለ ውስጧን ወደ ፀሐይ አዙረው ፈተሹ፣ አሸተቱ። ይኼ ሁሉ አልበቃቸውም። «ልጄ፣ የታችኛውስ እንደላይኛው ነው?» ብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ከተቱና ከሥር ዘግነው አወጡ። ሻጩ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም «ይዩት እማማ፣ ይዩት!» እያለ የጆንያውን አፍ ከፈተላቸው። በበርበሬው እንዲህ የሚተማመን ገበሬ የት ይገኛል?

ታሪክም ሞልቷል። ጣሊያን ጠንካራ ምሽግ የነበረው እዚሁ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. አርበኞቻችንና በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር አጣድፈውት የካቲት ማብቂያ ላይ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ሸሸ። ይህ ከሆነ ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ያቺው ቡሬ ግዙፉን የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አስመረቀች። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም እዚያው ናቸው። በአንድ ወረዳ ከተማ ይህ ሁሉ!

አሁን ደግሞ የልቤን ልንገራችሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መሐል ላይ ማንኩሳ አለች። አዎ፣ ያቺው ማንኩሳ! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ የትውልድ መንደር። በልጅነቴ በልብ ወለድ የማውቃት አገር የመንገድ ዳር ምልክት ላይ ስሟ ተጽፎ ሳይ ሾፌሩን «አቁምልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ቆመልኝም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አብሮኝ አየ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ስለሆነች ማረፊያ አታጡም፤ ከዚያ ቡሬ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ኅዳር ከገባ በኋላ ሂዱ፣ በርበሬው ያኔ ነው የሚደርሰው። ጆንያችሁንም አትርሱ!