ነዳጅ የጨመረ ሰሞን

ምን መሰላችሁ፣ ነዳጅ በጨመረ ማግስት አዲስ አበባ ካፌ ገብቶ መቀመጥ ትምህርት ቤት እንደመግባት ነው። ወንዱ ሁሉ የኢኮኖሚ ሊቅ ይሆናል። "ሰኔ 2014 መጨረሻ ላይ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር" ይላል አንዱ። "በ2017 ገና ሰሞን እኮ 101 ብር ከ47 ገባ" ብሎ ሌላው ይቀበለዋል። ሳንቲሟ ሳትቀር! ዶላሩ፣ ድጎማው ሁሉ ይተነተናል። ከተንታኞቹ ብዙዎቹ መኪና የላቸውም። (እኔም የለኝም፤ መተንተኑን ግን እችልበታለሁ።)

ከዚያ ሊቁን "ሽንኩርት ስንት ገባ?" ብላችሁ ጠይቁት። "እሱን እንኳ እሷ ናት የምታውቀው" ይላችኋል።

ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቤት ጭማሪውን የሚያወራውና የሚከፍለው ሰው ለየቅል ናቸው። ደመወዝ የወጣ ዕለት "ለአስቤዛ" ተብላ የምትሰጥ ብር አለች። ነዳጁ ሦስቴ ሲጨምር እሷ እዚያው ናት።

ነዳጅ ደግሞ እቤታችን የሚገባው በማደያ በኩል አይደለም። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ሌሊቱን የሚመጣው አይሱዙ የሚጠጣው ናፍጣ ነው። በ2014 የተጀመረው የታለመ ድጎማ ያቀፈው ታክሲና አውቶቡሱን እንጂ የጭነት መኪናውን አልነበረም። ሴትዮዋ ገበያ በድጎማ ተሳፍራ ስትሄድ፣ ሽንኩርቱ ያለዚያ ድጎማ ከፍሎ ይጠብቃት ነበር። ታክሲውም ቢሆን ታሪፉ ሳይነካ መንገዱን ይቆራርጠዋል፤ ከመገናኛ ፒያሳ ብላችሁ ገብታችሁ 4 ኪሎ ላይ ረዳቱ "መጨረሻ!" ይላል። በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ቤት እንኳ "ነዳጅ ጨምሯል እኮ" ብሎ ዋጋ ሲሰቅል ሰምቻለሁ። ምን ይባላል!

ታዲያ ያቺው ብር እንዴት ትበቃለች? አትበቃም። በስውር እንድትበቃ ትደረጋለች እንጂ። ወተቱ ለትንሹ ልጅ ብቻ ይሆናል። ወጡ ይቀጥናል። እሷ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ በእግሯ ትመለሳለች። ኮተቤ ያሉ እናቷን በየሳምንቱ መጠየቅ ይቀርና በስልክ "እንዴት አደርሽ እማዬ" ይሆናል። ይሄን ካፌ ውስጥ ማንም አይተነትነውም። ባል ማታ ገብቶ አንዴ ይጎርስና "እጅሽ ምነው ዛሬ?" ይላል።

የሱ ሁለት ማኪያቶና የዓርብ ድራፍት ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ልብ አላለውም። ደመወዙም በነዳጁ ልክ አልሄደለትም፤ እውነት ነው። ግን የደመወዙ አለመጨመር ጉድለቱ ለምን በእሷ በኩል ብቻ እንደሚሸፈን አያስረዳም። እኛም አለንበት። "ባለሙያ ናት፣ በትንሽ ብር ቤት ትይዛለች" ብለን የምናሞግሳት እኮ "ጎደለኝ" እንዳትል አፏን መያዣ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ጎደለኝ ብትል ሙያዋ ነው የሚታማው።

አንድ የማውቀው ሰው ባለፈው ሚስቱ ታማ ተኛችና የወሩን አስቤዛ እሱ ያዘ። ያው ሁልጊዜ የሚሰጣትን ብር ነው። በዘጠነኛው ቀን አለቀ። በአሥረኛው ካፌ መጣ፤ የነዳጅ ወሬ ደርቶ ነበር። ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አስተናጋጁ እንደልማዱ ማኪያቶ ሊያመጣለት ሲል በእጁ መለሰው።