ያልተደመረው ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውና በ2013 የአማርኛ ቅጂው በአዲስ አበባ የተፈተሸው ባለዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መመዘኛ (ፒኤችኪው-9) አጭርና ለሥራ የሚመች ነው። ጉድለቱ የሚገለጠው በመቱ ወይም በጎሬ ለባለትዳር ወንድ ሲቀርብ ነው።

እንዲህ ያለው ታማሚ ብዙ ጊዜ ስለ ራስ ምታቱና ድካሙ እንጂ ስለ ኀዘኑ አይናገርም። ቤቱ ሲገባ ግን ይቆጣል፣ ይጠጣል፣ ከሚስቱ ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ይተኛል። መመዘኛው ቁጣንም መጠጥንም አይጠይቅም። ቤተሰብ በስድስተኛው ጥያቄ ቢነሣም፣ ታማሚው ቤተሰቡን እንዳሳዘነ ይሰማው እንደሆነ ለማወቅ ያህል ነው፤ ሚስቲቱ የምትሸከመው አይታይም። ሕመሙ የቤት ጉዳይንና ከሰው ጋር መግባባትን ምን ያህል እንዳወከ የሚጠይቀው የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከ27ቱ ነጥብ አይደመርም። ለእነዚህ ባሎች ግን መቅደም የነበረበት እሱ ነው።

ሌላም አለ። በኢሉባቦር አብዛኛው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ፣ የአማርኛው ቅጂ ፍተሻ በአስተርጓሚ ለሚጠየቅ ታማሚ ዋስትና አይሆንም። አስተርጓሚዋ ሚስቱ ስትሆንማ፣ ስለ ሞት የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ባልየው ሲፈቅድ ሚስቱን ለብቻዋ ማነጋገር ይጠቅማል፤ ዘጠነኛው ግን እሷ በሌለችበት፣ ቋንቋውን በሚያውቅ ባለሙያ ሊጠየቅ ይገባል።