ስለ ባለጠጕር የባሕር ትል አመዳደብ አጭር ትችት

ፈረንሳዊው ሊቅ ዡል ሴዛር ሳቪኚ በ1798 ከናፖሌዎን ዘመቻ ጋር ወደ ግብጽ ወርዶ ነበር። ከስዊዝ ባሕረ ሰላጤ የተገኙትን ባለጠጕር ትሎች የመረመረበት ጽሑፍ በ1822 ወጣ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ከባሕር ርቀን በእንጦጦ ግርጌ ለምንኖር ተማሮች ነገሩ የሰው አገር ወሬ ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን ውሃ ሲጠጡ በከብቶች ጉሮሮ ለሚጣበቀው አልቅት «ኒሎቲካ»፥ ማለት የዓባይ፥ የሚለውን ስም የሰጠው ይኸው ሰው ነው።

የሥራው ብልጫ የአካሉ ምርመራ ነው። ሌዎዲስ አንቴናታ የተባለውን ትል እንውሰድ። በራሱ ላይ እንደ ጨሌ ክር የተቋጠሩ 5 መዳሰሻዎች አሉት፤ በጉሮሮው ውስጥ ጠንካራ መንጋጋዎች ተሸሽገዋል፤ በአካሉ ቀለበቶች ግራና ቀኝ ጠጕር የያዙ ሥጋዊ እግሮች ወጥተዋል። ሳቪኚ የባሕር ትሎችን እግር በመቅዘፊያ መስሎ የላይኛውንና የታችኛውን ቅርንጫፍ ለይቶ ገለጸ። እንዲህ ያለ ብርቱ ተመልካች በኋላ ዓይኑ ታሞ ሥራውን መተዉ ያሳዝናል።

ቅሬታችን በአመዳደቡ ላይ ነው። ትሎቹን በ4 ነገድ ከፍሎ፥ ሦስቱን ጠጕር ስላላቸው ባንድ ወገን፥ አልቅትን ጠጕር ስለሌለው ለብቻው አቆመ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ጠጕር መቍጠራቸውን አልተዉም፤ ብዙ ጠጕር፥ ጥቂት ጠጕር፥ አልቅት እያሉ ያቆሟቸው 3 ክፍሎች በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ጸኑ። ነገር ግን ማጣት ዘርን አይገልጽም። ቀንድ የላትም ብሎ ጎዳ ላምን ከላሞች የሚለይ ገበሬ አላየንም።

የሚጠራጠር ቢኖር በክረምት በየካ ከጓሮ አፈር የመሬት ትል ያውጣና ከጅራቱ ወደ ራሱ በጣቱ ይዳብሰው፤ ይሻክረዋል። ከመሬት ትሎች ብዙዎቹ በየቀለበታቸው 8 ጠጕር አላቸው። የአልቅት የቅርብ ዘመድ የሆነው፥ በሰሜን አገር ዓሣ ላይ የሚኖረው አካንቶብዴላ ደግሞ በፊተኞቹ ቀለበቶቹ ላይ ጠጕር አለው። እንግዲህ አልቅት ጠጕሩን በኋላ የጣለ ነው እንጂ ከመነሻው ያልነበረው አይደለም።

በ2011 በኔቸር መጽሔት የወጣው የጂን ምርመራ ነገሩን አጠናክሮታል። በዚያ ሐረግ መሠረት የመሬት ትልና አልቅት ከባለጠጕሮቹ ውስጥ ይገባሉ። የሚገቡትም ሌዎዲስ በሚገኝበት በተንቀሳቃሾቹ ወገን ሳይሆን፥ በአሸዋና በቱቦ ውስጥ ተቀማጭ ከሆኑት የባሕር ትሎች ጋር ነው። ሳቪኚ ምክንያቱን ሳያውቅ በዝርዝሩ ላይ የመሬት ትልን ነገድ ያስከተለው ከነዚሁ የቱቦ ትሎች ቀጥሎ ነበር።